ሳልጨምር ሳልቀንስ

ጋሽ ፈረደ መሞታቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ በስልክ። «ትርንጎ፣ ቁመሽ ነው ተቀምጠሽ?» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ብላ ከጀመረች ሰው ሞቷል ማለት ነው። «ተቀምጫለሁ» አልኳት፣ ቆሜ ነበር። «ፈረደ አረፈ። ትናንት ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ልቡን አመመው፣ ሳይደርሱለት ሄደ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ትደርሽ የለም?»

ልድረስ ብል እደርስ ነበር። ከምኖርበት ከተማ እነሱ እስካሉባት ሀደራ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። «ስብሰባ አለብኝ እማ» አልኳት። የምን ስብሰባ! ስልኩን ዘጋሁ፣ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ። ግማሹ ለቅሶ የሐዘን ነው። የቀረው ግማሽ የምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ፤ ስለ እሳቸው ብቻ ጽፌ ባበቃ ደስ ባለኝ፣ ግን የእሳቸው ነገር ሲነሳ የእኔ ነውር ተጎትቶ ይመጣል።

ጋሽ ፈረደ አገር ቤት የጤና መኮንን ነበሩ። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ሐኪሙም፣ አዋላጁም፣ ክትባት ሰጪውም፣ የምንጭ ውኃ መርማሪውም የጤና መኮንኑ ነው። ጎንደር ተምረው በዲግሪ የተመረቁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቆላ በደጋ በበቅሎ የዞሩ ሰው ናቸው። በፈረንጆቹ 1991 በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ከመጡት ወገኖቻችን ጋር መጡ። ወረቀታቸውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ከረሙና መጨረሻ ላይ «እዚህ አገር እንዲህ የሚባል ሙያ የለም» ተባሉ። ሐኪም አይደሉም፣ ነርስም አይደሉም። ስለዚህ ሳኒታር ሆኑ። ሳኒታር ማለት ሆስፒታል ውስጥ አልጋ የሚገፋ፣ በሽተኛ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልስ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ሬሳውን ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ማለት ነው።

ሲጨብጡ ያስቁኝ ነበር። እጅ ይይዙና ጣታቸው ሳያስቡት ሹልክ ብላ የደም ሥር ላይ ትቀመጣለች። «እንዴት ነሽ አንች ልጅ» እያሉ ይቆጥራሉ። «ዘጠና አራት! ደረጃውን ሩጠሽ ነው የወጣሽው?» ይላሉ። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራውን ጨብጠው «አይዞህ፣ መቶ ሃያ ደርሷል፣ ትንሽ ቁጭ በል» ብለውት አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የሳኒታር ልብሳቸውን ራሳቸው ነበር የሚተኩሱት። ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስኪርቢቶ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ሁልጊዜ። «ጋሼ፣ አልጋ ለመግፋት እስኪርቢቶ ምን ያደርጋል?» ስላቸው «እጄ ባዶ ኪስ ሲያገኝ ይደነግጣል» ይሉኝ ነበር።

እኔ እዚህ የደረስኩት ከእሳቸው ቀደም ብዬ ነው፣ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በሱዳን በኩል፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ። አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ዕብራይስጡን እንደ ውኃ ጠጣሁት፣ ነርስ ሆንኩ። ሀደራ መሀል ከተማ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ነበር የምሠራው፤ መርፌውን እወጋለሁ፣ የእኛ ሰው ሲመጣ ደግሞ አስተረጉማለሁ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ትንሽ ሳይሆን በጣም።

አንድ ቀን አባ ይግዛው የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። የሳንባ በሽታ እንዳይነሳባቸው ዘጠኝ ወር ሙሉ በየቀኑ ክኒን ታዘውላቸዋል። በመጡ ቁጥር «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» እላቸዋለሁ፣ «አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ይላሉ። የዚያን ዕለት የሽንት ምርመራው ውጤት ወጣ፤ ለካ አንዲትም ክኒን አልዋጡም። የክሊኒካችን ዶክተር በእኔ ላይ ተቆጣች፣ እኔ ደግሞ ንዴቴን ይዤ ኮሪደር ላይ ሽማግሌው ላይ ጮኽኩ። «ለምን ይዋሻሉ? እኔን ለምን ያዋርዱኛል?» አልኳቸው። አባ ይግዛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወለል ወለሉን ያያሉ። ያመጧቸው ጋሽ ፈረደ ነበሩ፣ በዕረፍት ቀናቸው። ሽማግሌውን አስቀምጠው እኔን ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«አልዋሹሽም» አሉኝ። «አከበሩሽ እንጅ። አንች የጨዋ ልጅ፣ ነጭ ለብሰሽ፣ በአደባባይ ቁመሽ 'ይወስዳሉ ወይ' ስትያቸው 'አልወስድም' ብለው ፊት ለፊት ያሳፍሩሽ? እሱማ ነውር ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ነይ» አሉና ተመለሱ። አባ ይግዛው አጠገብ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ያዙ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቁ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቁ፣ ቀስ ብለው ደግሞ «አባ፣ ይችን ክኒን ሲያኝኳት አፍ ላይ ምን ምን ትላለች?» አሏቸው።

አባ ይግዛው አሰቡ። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉ፣ «ቀምሻት አላውቅም።»

እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ያስቀኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሐኪሞቹ ሳስተረጉም አንድ ነገር መጨመር ለመድኩ፦ «'አዎ' ያሉት እናንተን አክብረው ነው፣ እወስዳለሁ ማለታቸው አይደለም፣ ሌላ ጥያቄ እንጠይቃቸው።» ዶክተሯ ተደነቀች። «ይህን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። «ሰዎቻችንን አውቃቸዋለሁ» አልኳት። ጋሽ ፈረደ ነገሩኝ ማለት ምን ነበረበት? አልመጣልኝም። ወይም መጥቶልኝ ዋጥኩት፣ እንጃ።

እሳቸው ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ከሥራ ሲወጡ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በክፋር ብራንዳይስና በናሕሊኤል ሰፈሮች ከቤት ቤት እየዞሩ ሰው ያጫውታሉ። መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብለው አንድም ሰው አልጠየቁም። ጠርሙሱ የት እንደሚቀመጥ ያያሉ፣ አቧራ እንዳለበት ያያሉ፣ ወጥተው ደረጃ ላይ ቆመው በደብተራቸው ይጽፋሉ። የሳምንቱን ክኒን ዓርብ ከሰዓት በአንድ ጊዜ የሚውጥ ሰው አገኙ፣ ሰንበት እንዳትሻርበት ብሎ። የታዘዘላትን ክኒን ለሦስት ልጆቿ እኩል እኩል ቆርሳ የምታካፍል እናት አገኙ፣ ብቻዋን መዋጥ አሳፍሯት። «አየሽ» ይሉኛል፣ «ይኸ ሕዝብ መድኃኒቱን ጠልቶ አይደለም። የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው።»

ከዕለታት አንድ ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ጠብቀውኝ «ትርንጎ፣ ልማር ነው» አሉኝ።

«ምን ሊማሩ ጋሼ?»

«ሁለተኛ ዲግሪ። በጤና ምርምር። ጥያቄው አለኝ፣ ደብተሩ አለኝ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬንም ዩኒቨርሲቲው ይቀበለዋል አሉ።»

«አርባ ሰባት ዓመትዎ ነው እኮ!»

«እሱን ቅጹ ላይ እኔ እሞላዋለሁ፤ አንች ዕብራይስጡን ሙይልኝ።»

ሦስት ሳምንት እሳቸው ቤት እየተመላለስኩ ሞላን። ለካ ማመልከት ራሱን የቻለ በሽታ ነው! የትምህርት ማስረጃ፣ የማስረጃው ትርጉም፣ የትርጉሙ ማረጋገጫ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዚያ ደግሞ የምርምር ሐሳብ፦ ምን ታጠናለህ፣ ማንን ትጠይቃለህ፣ እንዴት ታውቃለህ። ይህኛውን እሳቸው በእንግሊዝኛ በእጃቸው ጻፉት፣ አሥራ አንድ ገጽ፣ ፊደሉ እንደ ማተሚያ የጠራ። እኔ ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት። እያነበብኩ ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ፤ አልዋሽም። አራት ዓመት ተምሬ እንደዚያ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ባለቤታቸው እትዬ አበራሽ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እኛ ስንጽፍ በር ላይ ቆመው ያዩናል። «ከተቀበሉት አልጋ መግፋቱ ይቀራል?» ብለው ጠየቁኝ። ይቀራል፣ የምርምር ረዳት አድርገው ይቀጥሯቸዋል አልኳቸው። «እንግዲህ በሬሳ ፋንታ ወረቀት ሲገፋ ልየው» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፣ በዚያ ቤት የተጠበቀው ይኸው ብቻ ነው።

ወረቀቱ አለፈ፤ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። አስተርጓሚ ይዘው እንዲመጡ ተፈቀደላቸው። በአውቶቡስ አብረን ሄድን። ለሌላ ሰው ተሰፍቶ የነበረ የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሰዋል፣ ዲግሪያቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። እኔ ያንን ጨርቅ እያየሁ ምነው ፋይል በገዛሁላቸው እላለሁ በልቤ።

«ትርንጎ፣ በእንግሊዝኛ ብናገርስ?» አሉኝ መንገድ ላይ። «የተማርኩት በሱ ነው። የሙያውን ነገር ሁሉ በሱ ነው የማውቀው።»

የጋሽ ፈረደ እንግሊዝኛ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፣ ትክክለኛ፣ ግን አነጋገሩ የጎንደር። ጆሮዬ ውስጥ ሰማሁትና ተሸማቀቅሁ። «አይሆንም ጋሼ፣ ይስቁብናል» አልኳቸው። ይስቁብናል! እኔ ምን ቤት ነኝ? «በአማርኛ ይናገሩ፣ እኔ አሳምሬ እመልሰዋለሁ።»

«እሺ፣ አንች ታውቂያለሽ» አሉ። ቀጥለውም «ከተሳሳትኩ አቃኚልኝ፣ አደራ» አሉኝ። «እንዴታ!» አልኳቸው።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። በመሀል ሽበታም ፕሮፌሰር ሴት፣ ፊቷ ደግ፤ በቀኟ ዝም ያለ ሰውዬ፤ በግራዋ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ዶክተር። ጋሽ ፈረደ ሁሉም እስኪቀመጡ ድረስ አልቀመጥ አሉ። እጅ ነሱ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የፕሮፌሰሯን እጅ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ያቺ የለመደች ጣታቸው ሹልክ ብላ የደም ሥሯ ላይ አረፈች። ፕሮፌሰሯ ደንግጣ እጇን ሳብ አደረገች። በዚህ ጊዜ ወጣቷ ዶክተር ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «ምን ታደርጊዋለሽ» ዓይነት ፈገግታ፣ እኔና አንቺ እንግባባለን የሚል። እኔም መልሼ ፈገግ አልኩላት።

ከነገሩ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸ ፈገግታ ነው። የቀረው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። ፈገግ ካልኩ በኋላ እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነበርኩ፣ ጋሽ ፈረደ ብቻቸውን ወዲህ።

ፕሮፌሰሯ ጠየቀች፦ «ብዙ አመልካቾች አሉን። አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሌላው የማያውቀውን? ለምን አንተን እንቀበል?»

ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ጋሽ ፈረደ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ ብላችሁ ነው» አሉ። «የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከቻልኩ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ከእናንተ ልማር ነው የመጣሁ።»

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ነው የሚመልሰው። ያወቀ ሰው አውቃለሁ አይልም፣ የሚለው ያላወቀው ነው። ጠያቂው ደግሞ «ኧረ ይተዉ፣ እናውቅዎታለን» ብሎ ያነሳዋል። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። በየቀኑ ክሊኒክ ውስጥ የምሠራው ሥራዬ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፦ «በባህላችን ይህ ትሕትና ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም የነበሩ ሰው ናቸው፣ ስለ ክኒኑ ይጠይቋቸው።» ለአባ ይግዛው ያልኩትን ለጋሽ ፈረደ ማለት። እሱኑ ሊያጠኑ የመጡትን ነገር ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እያሳዩዋቸው ነበር እኮ!

እኔ ምን አልኩ? «ምንም እንደማያውቅ ይናገራል» አልኩ በጠራ ዕብራይስጥ። «የምታውቁት እናንተ ናችሁ ይላል። ከቻለ ሊማር ነው የመጣው።» ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን አገላበጠችና «በሙያው ምን ያህል ሠርተሃል?» አለች። «ትንሽ ሠርቻለሁ» አሉ። «ትንሽ ሠርቷል» አልኩ። «የምርምር ሐሳቡን ማን ረዳህ?» አለች። «ልጃችን ናት የደከመችበት፣ እኔ ምን አደረግሁ» አሉ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። ይኸንንም እንዳለ መለስኩት። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ፍርድ ቤት ብትወስዱኝ ነፃ ነው የምወጣው።

ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ብዙ ነው። በኮታቸው አፈርኩ፣ በጨርቃቸው አፈርኩ፣ በእጅ መንሳታቸው አፈርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከራሴ ላይ ስፍቀው የኖርኩት ነገር ሁሉ እዚያ ኮት ለብሶ ተቀምጦ ነበር። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው» ብል እኔም የጎንደር ልጅ ሆኜ ልታይ ነው። ትንሽ ቅናትም ነበረበት። ሁሉም ተደምሮ አፌን ያዘኝ፣ ወይም እኔ ያዝኩት።

ሲያበቃ ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ ዞረች። «ዕብራይስጥሽ እንዴት ያምራል! የት ተማርሽ?» አለችኝ። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ እንዳሉ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የሕይወት ታሪኬን ነገርኳት። «አንቺስ ለምን አታመለክቺም?» አለች።

አውቶቡስ ላይ ጋሽ ፈረደ ብዙ መንገድ በመስኮት ያያሉ። ሀደራ ስንቃረብ «ስህተት ነበረብኝ? አቃናሽልኝ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «ጥሩ ነበር።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። እንዳነብላቸው ይዘውት መጡ። «አመልካቹ ለምርምር የሚያበቃ ዕውቀትና ነፃ አስተሳሰብ እንዳለው ማሳየት አልቻለም» ይላል። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ቦታ ሞልቶብናል፣ በጣም አድንቀንዎታል ይላል» አልኳቸው። ለካ እችል ኖሯል! ለካ መጨመርም መቀነስም አውቃለሁ! ያን ጊዜ አፌ እንዴት ተፈታ!

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ የእኔ ነገር አለፈ» አሉ። «ጥያቄው ግን አይለፍ። አንች ግቢበት።» በማግስቱ አሥራ አንዱን ገጽና ደብተሩን ክሊኒኩ ድረስ አምጥተው ሰጡኝ። ኧረ ይሆናል እንዴ ጋሼ አልኩ፣ ለአፌ ያህል። ተቀበልኩ።

በዓመቱ አመለከትኩ። እነዚያው ሦስት ሰዎች፣ ያው ክፍል፣ ያው ጥያቄ፦ ሌላው የማያውቀውን ምን ታውቂያለሽ? ዓይኔን ወለል ላይ አልተከልኩም። የአባ ይግዛውን ክኒን ነገርኳቸው። «ክኒኗ አፍ ላይ ምን ምን ትላለች ብዬ ጠየቅኳቸው» አልኩ። ጠየቅኳቸው፣ እኔ። ሳቁ፣ ተደነቁ፣ ተቀበሉኝ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ጥናቱን ስጨርስ ፕሮፌሰሯን አመሰገንኩ፣ እናቴን አመሰገንኩ፣ መጨረሻ ላይ «ቤቶችን በማሳየት የተባበሩኝ» ብዬ ከስድስት ስሞች መሀል የጋሽ ፈረደን ስም አስገባሁ። በፊደል ተራ ስለሆነ አምስተኛ ናቸው።

እናቴ ዘመድ ጠርታ ደገሰችልኝ። እትዬ አበራሽ አልመጡም፣ ጋሽ ፈረደ ግን በዚያው ኮት መጡ። ተነስተው መረቁኝ። «ይች ልጅ» አሉ ለሰው ሁሉ፣ «ታማኝ ናት። ከአፌ የወጣውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ያደረሰች ልጅ ናት።» ሰው አጨበጨበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊታቸውን አየሁ፤ አሽሙር ነው እንዳልል ፈገግታቸው ንጹሕ ነው፣ ምስጋና ነው እንዳልል ቃሉ ልክ ሰይፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ሁሉ «ፈረደ የመሰከረላት» እያለ እየመጣ አስተርጉሚልን ይለኝ ጀመር።

ሸሸሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ለዶክትሬት ሌላ ከተማ ገባሁ። እናቴን ለማየት ስመጣ መንገድ እቀይራለሁ። አንድ ጊዜ ሀደራ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ በሩቁ አየኋቸው፣ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሰው እያጫወቱ። ሃያ ስምንት ዓመቴ፣ ማስተር አለኝ የምል ሴትዮ፣ የሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ገብቼ የማልገዛውን ሻምፑ እያገላበጥኩ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ይኸው ነው ሰውነቴ።

ለቀብር ያልደረስኩት እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ቀን ግን አልቻልኩም፣ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ክፋር ብራንዳይስ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ ክፍት ነው። ሰው ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። የሆስፒታሉ ነርሶች ሁለት ሦስት መጥተዋል፣ አንዷ እያለቀሰች በዕብራይስጥ «በሽተኛ ሲፈራ እሱን ነበር የምንጠራው» ትላለች። እትዬ አበራሽ ፍራሽ ላይ ናቸው። አዩኝ። ልስማቸው ጎንበስ ስል «ወደ ውስጥ ግቢ» አሉኝና ተነስተው ወደ ማዕድ ቤት ወሰዱኝ።

ይዤው የመጣሁት ነገር ነበር። ቆሜ ተናገርኩት፣ ከፈገግታው ጀምሬ እስከ ደብዳቤው ድረስ፣ ምንም ሳልደብቅ። እያለቀስኩ ነው፣ ግን አላቆምኩም። እትዬ አበራሽ በሩን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ ያወቅሁት በዕለቱ ነው። ዕብራይስጥ አይሰማም መሰለሽ? ሦስት ዓመት ቀኑን ሙሉ በዕብራይስጥ ሲታዘዝ የሚውል ሰው? መናገሩ ነበር የሚከብደው እንጅ መስማቱንማ አንዲት አታመልጠውም። የመጣ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«'ልጅቱ በእኔ አፈረች' አለኝ። 'ነገ ደግሞ በራሷ ታፍራለች። ሁለቱን አንድ ላይ አትችለውም፣ የዚያን ቀን ነገር እንዳታነሽባት' ብሎ አስማለኝ። ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ አላነሳሁብሽም። አሁን ያነሳሽው አንች ነሽ።»

ጉልበታቸውን ልይዝ ተንበረከክሁ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ስለ እሳቸው ብለው።»

ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ፤ በቁጣ አይደለም። «እሱ ይቅር ብሎሻል፣ በዚያው ሳምንት» አሉ። «እኔ ግን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሬሳ ሲያወርድ እያየሁት የኖርኩ ሚስት ነኝ። እኔ አላልኩሽም። ይልቅ ፊትሽን ታጠቢና ለእንግዳው ውኃ አድርሽ።»

ፊቴን ታጥቤ ውኃ አደረስኩ። የቀሩትንም ቀናት ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ብርጭቆ አጠብኩ፣ ወንበር አነሳሁ፣ ለነርሶቹ አስተረጎምኩ። እትዬ አበራሽ ብይ ይሉኛል፣ አረፍ በይ ይሉኛል፣ በሰው ፊት ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ለቅሶው በሚያበቃበት በሰባተኛው ቀን ሰዉ ሁሉ መርቆ ሲነሳ እኔ መጨረሻ ቀረሁ። ወለሉን ጠረግሁ። ጫማዬን በር ላይ ሳስር መጥተው ቆሙ።

«ደህና ግቢ» አሉኝ።

ሌላ የሚሉኝ ካለ ብዬ የታሰረውን ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርሁት። በሩን ዘጉት።